እንደታሰረ ይሁን ያልኩት ሻሽ

ክቡር ሥራ አስኪያጅ፣ ክቡራን ሐኪሞች፣ ክቡራትና ክቡራን ባልደረቦቼ፤

ይህን ከሰዓት ላሰናዳችሁልኝ ሁሉ ምስጋናዬ ይድረሳችሁ። ሃምሳ ወንበር ከምድር ቤት ተሸክመው ላወጡት የጥበቃ ወንድሞቼ፣ አበባውን ላስተካከሉት የካርድ ክፍል እህቶቼ፣ በተለይ ደግሞ ኬኩ ላይ ስሜን ላስጻፈው ሰው። በዚህ ግቢ ሠላሳ አራት ዓመት ስሠራ ስሜ ሳይሳሳት የተጻፈበት የመጀመሪያው ሰነድ ይህ ኬክ ነው። መታወቂያዬ ላይ እንኳ አንድ ፊደል እንደጎደለ ጡረታ ወጣሁ። ስለዚህ ስሜ ያለበትን ቁራሽ አትብሉብኝ፣ ለማስረጃ እፈልገዋለሁ።

ሰው ሊሄድ ሲል እንዴት እንደሚወደድ ዛሬ ገባኝ። ትናንት ኮሪደር ላይ ስታዩኝ ፊታችሁን ወደ ግድግዳ ታዞሩ የነበራችሁ ሁሉ ዛሬ «እንዴት እንለይሻለን» እያላችሁ አንገቴ ላይ ተጠመጠማችሁ። እግዜር ይስጣችሁ። ትናንትና ብታደርጉት ግን ምን ነበረበት?

ከእኔ በፊት ሦስት ሰዎች ተናግረዋል። አንዱ ታታሪ አለኝ። ሌላዋ ቆራጥ አለችኝ፤ ቆራጥ ማለት ክፉ ማለት መሆኑን እኔም እናንተም እናውቃለን። ክቡር ሥራ አስኪያጁ ደግሞ «የአባቶቻችንና የእናቶቻችን መከታ» አሉኝ። እዚያች ላይ ነው እንግዲህ የማልስማማው። ያቺን ቃል ሰምቼ ዝም ብዬ ኬክ ብበላ ጉሮሮዬ ላይ ይቆማል።

እዚያ ጥግ በቀይ ጨርቅ የተሸፈነው ነገር ምን እንደሆነ የማላውቅ መስሏችሁ ይሆናል። የዚህን ግቢ መሳቢያ ሁሉ ስፈትሽ የኖርኩ ሴትዮ፣ ማክሰኞ ዕለት ዕቃ ግምጃ ቤት የገባውን ሳላይ እቀራለሁ? የናስ ሰሌዳ ነው። ስሜ አለበት፤ እሱም ላይ እንደ ልማዳችሁ አንድ ፊደል ጎድሏል። ከስሜ ሥር «የአረጋውያን ፈጣን መስኮት» ይላል። ከሚቀጥለው ወር ጀምሮም ይኸው መስኮት በሦስቱ ቅርንጫፍ ክሊኒኮቻችን በእኔ ስም ይከፈታል ተብሏል።

አልፈልገውም። ለምን እንደማልፈልገው ልናገርና ትለቁኛላችሁ።

ለአዲሶቹ ልንገር። መስኮት እንለዋለን እንጂ መስኮት አይደለም። የቆዳ ሕክምና ክፍል ቁጥር አራት ነው፤ እንዲያውም መስኮት የሌለው ክፍላችን እሱ ብቻ ነው። ከአሥራ ሁለት ዓመት በፊት ሽማግሌዎችና አሮጊቶች ከጎረምሳ ጋር እኩል ተሰልፈው እስከ ቀትር ይቆሙ ነበር። አንድ ቀን አንድ አባት ወረፋ ላይ እንደቆሙ ወደቁ። ያኔ የተመላላሽ ሕክምና ኃላፊ ነበርኩ፤ ልቤ ተነካ። እውነቴን ነው፣ ተነካ። የእኔ ችግር ልቤ ሲነካ ሰዓቴን ማየቴ ነው። «ሲስተር ሰዓት» የምትሉኝ በከንቱ አይደለም። ከኋላዬ ስትሉኝ የማልሰማ መስሏችሁ ነበር?

አንድ ሳምንት ሙሉ ኮሪደር ላይ ቆሜ ለካሁ። አንድ አዛውንት ከገቡ በኋላ ጊዜው የት ነው የሚሄደው? ኮት፣ ሹራብ፣ የሸሚዝ ቁልፍ፣ ጫማ፣ ካልሲ፤ ዘጠኝ ደቂቃ። መልሶ መልበስ፤ አሥራ አንድ ደቂቃ። የሐኪሙ ማየት፤ ሁለት ደቂቃ። ታዲያ ከዚህ ውስጥ ብልህ ሰው የቱን ይቀንሳል? እኔ ብልህ ነኛ። ማውለቁን ቀነስኩ።

የመመርመሪያ አልጋውን አስወጥቼ በቦታው የፋይል መደርደሪያ አስገባሁ። መጋረጃውን አውርጄ ለአቧራ መወልወያ አስቀደድኩት። በሩ ላይ «አባቶቻችንና እናቶቻችን ሳይንገላቱ፣ ልብስ ሳያወልቁ ይስተናገዳሉ» ብዬ ለጠፍኩ። ሁለት ደቂቃ ማየት፣ ሁለት ደቂቃ መጻፍ፤ በአራት ደቂቃ ጉዳዩ አለቀ። ወረፋው ጠፋ። ሽማግሌዎቹ መረቁኝ። የምስክር ወረቀት በፍሬም ተሰጠኝ። ከሌላ ሆስፒታል ሳይቀር እየመጡ ጎበኙን፣ ፎቶ ተነሱ።

ከጎበኙን ሁሉ አንድ ሰው እንኳ «ቆይ፣ ይሄ የቆዳ ክፍል አይደለም እንዴ? ቆዳው የታለ?» ብሎ አልጠየቀም።

እስቲ የጥርስ ሐኪሞቻችንን ልጠይቅ፤ ይኸው እዚያ ተደርድራችኋል። አንድ ሽማግሌ ሲመጡላችሁ «አባቴ፣ አይድከሙ፣ አፍዎ እንደተዘጋ ይሁን» ብላችሁ ታውቃላችሁ? ትስቃላችሁ። እኛ አሥራ ሁለት ዓመት ያልነው ይኸንኑ ነው።

ስሙን ደግሞ አክብሮት አልነው። ሽማግሌ እንዴት አውልቅ ይባላል? እናት እንዴት ሻሽዎን ይፍቱ ትባላለች? ነውር ነው። ይሉኝታችን ወዴት ይሂድ? «አባታችን»፣ «እናታችን» እያልን ከወንበር እናነሳቸዋለን፣ ክንዳቸውን ደግፈን በር ድረስ እንሸኛቸዋለን። በመሸኘት ማን ይስተካከለናል? ካርዳቸው ላይ ግን «የዕድሜ ነው» ብለን እንጽፋለን። ጠቆረ? የዕድሜ ነው። አበጠ? የዕድሜ ነው። አልድን አለ? እሱማ የባሰ የዕድሜ ነው። ከካርድ ክፍል እህቶቻችን አንዷ «ሲስተር፣ ይሄ ዕድሜ የሚሉት በሽታ ይተላለፋል እንዴ? ካርዱ ሁሉ እሱ ነው» ብላኝ ነበር። ቀልድ መስሎኝ ሳቅሁ። አሁን ሳስበው እሷ እየሳቀች አልነበረም።

እንግዲህ ስለ ልብስ ሰፊያችን ልንገራችሁ። ነባሮቹ ታውቋቸዋላችሁ፤ አዲሶቹ ባታውቋቸውም የሰፉትን ለብሳችኋል። የጋውናችሁን አንገትጌ ገልበጥ አድርጋችሁ እዩት። በሰማያዊ ክር የተሰፉ ሦስት ነጥቦች አሉ አይደል? የእሳቸው ምልክት ናት። ሃያ ስድስት ዓመት ለዚህ ሆስፒታል ሰፍተው ጡረታ ወጡ። ወደ መስኮቴ ሲመጡ ሰባ አራት ዓመታቸው ነበር።

«ልጄ፣ ራሴ ላይ አንዲት ነገር ወጥታለች» አሉ፤ የመስኮቱን ሐኪም ነው። ሐኪሙ ይኸው ሦስተኛው ረድፍ ላይ ተቀምጧል፣ ጫማውን እያየ ነው። በሁለት ጣቱ በሻሹ ላይ ጫን ጫን አደረገ።

«ያምዎታል፣ እናቴ?»

«ኧረ ምንም አያመኝም።»

«ያሳክክዎታል?»

«አያሳክከኝም።»

«ታዲያ ምን ያሳስብዎታል? የስብ እባጭ ናት። የዕድሜ ነው።»

ሦስት ደቂቃ ተኩል። ግማሽ ደቂቃ አተረፍን። ሐኪሙን ብቻ አልወቅስም፤ ሰውን የሚያስተኛበትን አልጋ ያስወጣሁበት እኔ ነኝ።

በሦስተኛው ሳምንት ተመልሰው መጡ። «ያኔ የሸሚዝ ቁልፍ ታክል ነበር፤ አሁን የሱሪ ቁልፍ አክላለች» አሉ። ካርዱ ላይ ምን ብለን ጻፍን? «ለውጥ የለም»። ዕድሜ ልካቸውን ቁልፍ ሲተክሉ የኖሩ ሴት የሸሚዝና የሱሪ ቁልፍ ሊምታታባቸው ነው። እኛ፣ ጨርቅ የዳሰስነው፣ እኛ ነን የምናውቀው።

ከዚያ በሁለት ሳምንታቸው እንደገና መጡ። «አሁንስ የካፖርት ቁልፍ ሆናለች» አሉና ሻሻቸውን ለመፍታት እጃቸውን ወደ ኋላ ላኩ። ጣቶቻቸው በሪህ የተቆለመሙ ናቸው፣ ቋጠሮው አልፈታ አላቸው። ውጭ ሰባት ሰው ተሰልፏል። እኔ በሩ ላይ ሰዓቴን ይዤ ቆሜያለሁ። ገባሁና እጃቸውን ያዝኩ።

«ግዴለም እናቴ፣ አይድከሙ። እንደታሰረ ይሁን።»

ላላ ብሎ ስለነበር ደግሜ አሰርኩት። ጥሩ አድርጌ፣ በድርብ ቋጠሮ። ቀና ብለው አዩኝና «እሺ ልጄ፣ አንቺ ካልሽ» አሉኝ።

ከዚህ ግቢ ይዤ የምወጣው የናስ ሰሌዳችሁን አይደለም፤ «አንቺ ካልሽ» የምትለዋን ቃል ነው። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም ይባላል። እሳቸው መቼ ደበቁ? ሦስት ጊዜ ተሸክመው አመጡልን። የደበቅናት እኛ ነን። የደበቅኋት እኔ ነኝ፣ በገዛ እጄ።

በዚያው ሰሞን ከሌላ ሆስፒታል ተዛውራ የመጣች ሐኪም ነበረች። ስም አላት፣ ማንም ግን በስሟ አይጠራትም። «ዶክተር አውልቂ» ነው የምትሏት። እዚያ ኋላ በሩ አጠገብ ቆማለች፤ ከሃምሳው ወንበር አንዱን እንኳ አላቀረባችሁላትም። ስሙን ያወጣሁላት እኔ ነኝ፣ አትሳቁ።

የመስኮቱ ሐኪም ዕረፍት ሲወጣ እሷን ተካናት። በመጀመሪያው ቀን ክንዳቸውን ሊያሳዩ የመጡ አንድ ጡረተኛ ሹፌርን ጫማና ካልሲ አስወለቀች። በማግስቱ ፊቴን አሳከከኝ ያሉ አንዲት እናትን ጀርባቸውን አየች። መጋረጃ የለም ስንላት በሁለት የግሉኮስ መስቀያ መሃል አንሶላ ወጠረች። ወረፋው እስከ ደረጃው ሄደ። ኮሪደር ላይ አስቆምኳት።

«ዶክተር፣ እኛ እዚህ ትልልቅ ሰዎችን እናከብራለን» አልኳት።

«እኔም አከብራለሁ፣ ሲስተር። ስለማከብራቸው ነው የማያቸው።»

ይህች ደግሞ ማን ናት አልኩ። ቢሮዬ ገብቼ ደብዳቤ ጻፍኩባት። «ለአረጋውያን ተገቢውን አክብሮት ባለማሳየትና የሥራ ሰዓት በማባከን» ይላል። ዓይኔን በጨው አጥቤ ፈረምኩ፣ ለአስተዳደር ገቢ አደረግሁ። የሹፌሩ እግር ላይ ምን አገኘች መሰላችሁ? አንድ ጥቁር ነጥብ፣ ውስጥ እግራቸው ላይ። ናሙና ተወሰደ፣ ምንም አልነበረም። «አየሽ፣ ምንም አልነበረም» ብዬ ልፎክርባትም ሄጃለሁ። «አዎ፣ ምንም አልነበረም። ምንም እንዳልነበረ ያወቅነው ግን ስላየነው ነው» አለችኝና ወደ ሥራዋ ዞረች።

ደብዳቤውን ባስገባሁ በአራተኛው ቀን ልብስ ሰፊያችን ለአራተኛ ጊዜ መጡ።

ገቡ። አራት ደቂቃ አለፈ። አሥር። አሥራ አምስት። ውጭ ሰዉ ይንጫጫል። ሃያ አንደኛው ደቂቃ ላይ በሩን ከፍቼ «ዶክተር፣ ሰዓት» አልኩ።

«ሲስተር፣ ይግቡና ጣትዎን ይስጡኝ» አለችኝ ከአንሶላው ጀርባ።

ሻሹ ተፈትቶ ጭናቸው ላይ ተቀምጧል። ሽበቱ ለሁለት ተከፍሎ መሃሉ ላይ ያቺ ነገር ቁጭ ብላለች። ክብ፣ ለስላሳ፣ ቀለሟ ወይን ጠጅ የመሰለ፣ አልቆሰለች፣ አልደማች። ዶክተሯ ጣቴን አስነካችኝ። የስብ እባጭ ሲነኩት ይሸሻል፤ ይሄ አይሸሽም፣ እንደ ቁልፍ ጠጣር ነው። ከዚያ ጣቴን ወደ ታች ወስዳ ከጆሯቸው ሥር አንገታቸው ላይ አሳረፈችው። እዚያም አተር የምታክል ሌላ አለች። መደርደሪያዬን ተደገፍኩ፣ ያንን በአልጋው ቦታ ያስገባሁትን።

እሳቸው ዞር ሳይሉ «አገኛችኋት?» አሉ፣ መርፌ እንደጠፋባቸው ሁሉ።

ሜርክል ሴል የሚባል የቆዳ ካንሰር ነው። ስንቶቻችሁ ስሙን ሰምታችሁ ታውቃላችሁ? እጃችሁን አታውጡ፣ ደግሞ እንዳላፍር። ብዙውን ጊዜ የሚይዘው ዕድሜያቸው የገፋ ሰዎችን ነው፤ ፀሐይ የሚያገኘው ቦታ ላይ፣ ፊት፣ ራስ፣ አንገት፣ ክንድ ላይ መቀመጥ ይወዳል። በሳምንታት ያድጋል። ደግሞም አያምም። እኛ «ያምዎታል?» ብለን ነው ሰው የምናሰናብተው፤ እሱ ደግሞ አያምም። እንዲህ ተግባብተን ኖርን።

ብርቅ በሽታ ነው ትሉኛላችሁ። ሐኪሞቹ እርስ በርሳችሁ ስትንሾካሾኩ ሰምቻለሁ። አዎን፣ ብርቅ ነው። ብርቅ ነገር ደግሞ ካልፈለጉት አይገኝም። አሥራ ሁለት ዓመት ሙሉ «ከክፍል አራት አልተገኘም» እያልን ሪፖርት ላክን፣ ለዚያም ተመሰገንን። ሻሽ ላይ፣ ካልሲ ላይ፣ ኮት ላይ ዓይናችንን ተክለን ምን ልናገኝ ኖሯል? ውስጥ እግር ላይ የሚወጣውን ጥቁር ነቀርሳ በጫማ ውስጥ ልናይ ነው? በጥፍር ሥር የሚሰመረውን በጓንት ውስጥ? የዓይን ቆብ ላይ ወጥቶ ለወራት አልጠፋ ያለውን እንኳ፣ ፊት ለፊታችን ያለውን፣ ብጉንጅ ነው ብለን ቅባት ሰጥተን የላክን ሰዎች ነን። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ ይላሉ። እኛ ያፈሰስነውን እንኳ አልለቀምንም።

ናሙናው ሄደ፣ ውጤቱ መጣ። ወደ ትልቁ ሆስፒታል ላክናቸው። ራሳቸው ላይ ያለውም አንገታቸው ላይ ያለውም ወጣ፣ የጨረር ሕክምና ተሰጣቸው። በሽታው ግን ተመልሶ መጣ። አንድ ቀን ዶክተሯን ጠየቅኋት።

«የሸሚዝ ቁልፍ ስታክል ቢታይ ኖሮ ይድኑ ነበር?»

«አላውቅም፣ ሲስተር። ዕድላቸው ግን ሌላ ነበር።»

ዋሽታ ብታጽናናኝ ምን ነበረበት? አልዋሸችም። እዚህ ግቢ ውስጥ በዚያ ሰሞን ያልዋሸኝ ሰው እሷ ብቻ ነበረች።

ልጠይቃቸው እየሄድኩ መጫወት ጀመርን። ሁለት ቀን ሄጄ ስለ ዝናቡ አወራሁ፣ በሦስተኛው ስለ ቋጠሮው ተናገርኩና አለቀስኩ። ያጽናኑኛል ብዬ ጠብቄ ነበር።

«አውቃለሁ» አሉኝ። «ቋጠሮሽ ደግሞ መጥፎ ነው። ያን ቀን ቤቴ ገብቼ እምቢ ቢለኝ በመቀስ ቆረጥኩት። ደህና ሻሽ አበላሸሽብኝ።»

ከዚያ መነጽራቸውን አውልቀው፣ «እስቲ አንድ ነገር ንገሪኝ» አሉኝ። «እኔ ሃያ ስድስት ዓመት ስሰፋ ካፖርቱን ሳላስወልቅ ሰው ለክቼ አላውቅም። እናንተ ግን እንዴት ነው የምትለኩት?»

ይኸው፣ ሐኪሞች አላችሁ፣ ስፔሻሊስቶች አላችሁ። መልሱላቸው። እኔ ነጠላዬን አጣፍቼ ልነሳ ስል፣ «በይ ሜትር ይዘሽ ሂጂና የክፍል አራትን ስፋት ለክተሽ አምጪልኝ» አሉኝ።

ይህ ከእግሬ ሥር ያለው ቦርሳ የምን ቦርሳ ነው ስትሉ ነበር። መጋረጃ ነው። አልጋቸው ላይ ቁጭ ብለው በእጃቸው የሰፉት። ጥግ ላይ ሦስቱ ሰማያዊ ነጥቦች አሉ። ሲሰጡኝ ከታች አጭር ሆኖ አየሁትና «እናቴ፣ መሬት አይደርስም እኮ» ብላቸው፣ «አውቄ ነው ያሳጠርኩት፤ ጫማ ያላወለቀውን ከውጭ እንድታዩት» አሉኝ። ከዚያ በሦስተኛው ሳምንት አረፉ። ካርዳቸው ከተከፈተ አሥራ አንድ ወር ሆኗቸው ነበር።

ቀብራቸው ላይ አብዛኞቻችሁ መጥታችኋል፤ የሰፉላችሁን ጋውን አውልቃችሁ፣ ጥቁር ለብሳችሁ። እሱን እንደሁ እናውቅበታለን።

እኔስ ምን አደረግሁ? ከቀብር ተመልሼ የዶክተሯን ደብዳቤ አነሳሁ? አላነሳሁም። ፋይሏ ውስጥ እንደተቀመጠ ከረመ። ለምን? ፈራሁ። ያ ደብዳቤ ሲነሳ ፍሬሙም ከግድግዳው መውረዱ ነው። ያን ፍሬም ደግሞ ወድጄዋለሁ፣ ምን ልበላችሁ? ጠዋት ጠዋት አቧራውን እጠርግለት ነበር፣ በመጋረጃው ቁራጭ።

ደብዳቤ የሚሻረው በደብዳቤ ነው። ዛሬ ጠዋት መሻሪያውን ለአስተዳደር ገቢ አድርጌያለሁ፣ ግልባጩ ይኸው። ዶክተር፣ በኮሪደር ነው የዘለፍኩሽ፣ በአዳራሽ ነው ይቅርታ የምጠይቅሽ። ይቅር በይኝ። አታጨብጭቡ፣ ለእኔ አይጨበጨብም። ከመካከላችሁ አንዱ ተነስቶ ወንበር ይስጣት።

ክቡር ሥራ አስኪያጅ፣ ሰዓትዎን አይዩ። ሰዓት ማየትን ለዚህ ቤት ያስተማርኩት እኔ ነኝ፣ ምን እንደሚያስከፍል አውቃለሁ። የምለምንዎ ይህንን ነው። መስኮቱ በእኔም በሌላም ስም የትም አይከፈት። ሰሌዳውን ወስዳችሁ አቅልጡትና የመጋረጃ ቀለበት አሠሩበት፣ ናሱ ይበቃል። ያቺ አልጋ እስካሁን ምድር ቤት አለች፤ ዛሬ ወንበር ስታወጡ አልፋችኋት ነው የመጣችሁት። ክፍል አራት የገባ ሽማግሌ ሁሉ፣ ለምንም ይምጣ ለምን፣ ሻሹም ካልሲውም ይወልቅ። በሳምንታት ያደገ ነገር ሲገኝ ደግሞ፣ አመመም አላመመም፣ «የዕድሜ ነው» ሳይባል ናሙናው ይሂድ።

ወረፋው ይመለሳል ሊሉኝ ነው። ይመለስ። ቆመው እንዳይወድቁ ወንበር አውጡላቸው። ለእኔ ኬክ መብያ ሃምሳ ወንበር ያወጣ ቤት ለእነሱ አሥር ያቅተዋል?

ልጨርስ ነው። አንድ ነገር ብቻ ቀረኝ፣ እሱ ደግሞ የራሴ ጉዳይ ነው።

ሥልሳ ሞላኝ። ዛሬ በዚያ መስኮት የሚስተናገድ ሰው ሆንኩ፤ ጠዋት ሄጄ ካርድ አወጣሁ፣ ስሜ እንደ ልማዱ ተሳስቷል። ባለቤቴ ካረፈ ስድስት ዓመቱ ነው። የነርስ ባል ነውና ነገሩን ከእኔ ለምዶ፣ ገላዬን ታጥቤ ስወጣ «ይቺ ነጥብ ነበረች?» ይለኝ ነበር። እሱ ከሞተ ወዲህ ጀርባዬን ያየልኝ ሰው የለም። ሠላሳ አራት ዓመት ከቆዳ ሐኪሞች ጋር ዋልኩ፤ አንድ ቀን «እስቲ እዩልኝ» ብዬ አልጠየቅሁም፣ «እስቲ እንይልሽ» ያለኝም የለም። መስታወት ፊት እጠማዘዛለሁ፣ አይደርስልኝም። ምን እንዳለ አላውቅም። ምንም ላይኖር ይችላል። እኔ ግን እፈራለሁ።

ሰኞ ስመጣ ታፍሩኛላችሁ። አለቃችን ነበረች፣ ትልቅ ሰው ናት ትላላችሁ። «ግዴለም ሲስተር፣ አይድከሙ» ልትሉኝ ነው። እኔም አንድ ሁለት ጊዜ መግደርደሬ አይቀርም፣ የሰው ነገር። አትስሙኝ።

በሉ እንግዲህ ልመርቃችሁ። ዕድሜ ይስጣችሁ፤ ካርዳችሁ ላይ ግን አይጻፍባችሁ። ልጆቻችሁን ለወግ ለማዕረግ ያብቃላችሁ። እጃችሁ አይዛል፣ ዓይናችሁ አይድከም። ስታረጁ የሚያከብራችሁ አይጥፋ፣ ከሚያከብራችሁ በፊት ግን የሚያያችሁ አይጥፋ። ጀርባችሁን የሚያይላችሁ ሰው አያሳጣችሁ።

መጋረጃውን እዚህ ጠረጴዛ ላይ ትቼዋለሁ። ሰኞ ጠዋት በሁለት ሰዓት ክፍል አራት እመጣለሁ። እስከዚያ ስቀሉትና፣ ስገባ አውልቂ በሉኝ።